አፈሩ የያዘው ጠባቂ፦ ፈንገስን የሚገቱ ባክቴሪያዎች ታሪክና የአገራችን ባቄላ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ለባቄላ በሽታ የሚረጭ ፀረ ፈንገስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ እናዋጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ብዙ ከተነጋገርንበት በኋላ ውሳኔው ለዘንድሮ እንዲተላለፍ መደረጉን ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡ ከቅን ልቡና የመነጨ ነው። ባቄላ ለእኛ አካባቢ እሸትም፣ ሽሮም፣ የገበያ ገንዘብም ነው፤ ማሳው ሲመታ ቤቱ ይጎዳል። ሆኖም ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት፣ አፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ ወደድሁ። የእርሻ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ፣ ዲግሪዬንም የተማርሁት ከአገር ውጭ ነው። ታሪኩ ግን ግማሹ የሐኪም ቤት፣ ግማሹ የማሳ ስለሆነ በራሴ ሙያ በኩል ገብቼ ልነግራችሁ እችላለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምኖርበት ሰፈር ልጀምር

የምኖረው ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ፣ ክሊፕታውን በሚባለው ሰፈር ነው። ክሊፕታውን በ1891 የተመሠረተ፣ በሶዌቶ ካሉት ሰፈሮች ሁሉ ቀደምት የሆነ ሰፈር ነው። በ1904 ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ላይ የቸነፈር ወረርሽኝ ሲነሣ ባለሥልጣናቱ የድሆቹን ሰፈር አቃጥለው ነዋሪዎቹን ወደዚህ አካባቢ፣ የከተማው ፍሳሽ ወደሚለቀቅበት ወደ ክሊፕስፕሩት አመጧቸው። ከዚያ 51 ዓመት ቆይቶ፣ ጁን 25 እና 26 ቀን 1955፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተወካዮች ክሊፕታውን ሜዳ ላይ ተሰብስበው የነጻነት ቻርተር የሚባለውን ሰነድ አጸደቁ። በሁለተኛው ቀን ፖሊስ ገብቶ ስብሰባውን ቢበረብርም ቻርተሩ ከመጽደቅ አልቀረም። ቦታው ዛሬ በዋልተር ሲሱሉ ስም የሚጠራ አደባባይ ነው።

ቻርተሩ ስለ መሬት በሚናገርበት ክፍል፣ መሬት ለሚያርሰው ይሁን ከማለት አልፎ፣ መንግሥት ገበሬውን በመሣሪያ፣ በዘር፣ በትራክተርና በግድብ እንዲያግዝ፣ አፈሩንም እንዲያድን ይጠይቃል። በዚያ ዘመን አፈር ማዳን ሲባል በጎርፍ እንዳይታጠብ መከላከል ማለት ነበር። በእነዚያው ዓመታት ግን በሌሎች አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች አፈር ውስጥ ሌላም ሊድን የሚገባው ሀብት እንዳለ እያወቁ ነበር። እርሱም በዓይን የማይታየው የባክቴሪያ ሠራዊት ነው።

ፈንገስና ባክቴሪያ በአንድ ሥር ዙሪያ

ፈንገስ ስንል በእንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ በስንዴ ላይ የሚወርደው ዋግ፣ የባቄላን ሥር የሚያበሰብሰው ተዋህሲ ሁሉ የሚገኙበት ትልቅ ቤተሰብ ነው። እንደ ክር እየረዘመ የተክሉን አካል ወግቶ ይገባል። ባክቴሪያ ደግሞ ባለ አንድ ሕዋስ ነው። ስሙን ስንሰማ ቶሎ የሚታወሰን በሽታ ቢሆንም፣ በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ ካሉት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ለሰውም ለተክልም ጠላት አይደሉም።

ተክል በሥሩ በኩል ስኳርና ሌላም ምግብ ወደ አፈር ያፈሳል። ባክቴሪያዎቹ ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ፈንገሱም ወደዚያው ይመጣል። ፍልሚያው የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ባክቴሪያዎቹ ፈንገሱን የሚገቱባቸው መንገዶች አራት ያህል ናቸው። አንደኛ፣ ቦታና ምግብ ቀድመው ይይዛሉ፤ በተለይ ብረት የተባለውን ማዕድን ከአፈሩ ለቅሞ የሚያስር ንጥረ ነገር ስለሚያመነጩ ፈንገሱ ብረት ያጣል። ሁለተኛ፣ ፈንገስ የሚገድል ወይም እድገቱን የሚያቆም መርዝ ያመነጫሉ። ሦስተኛ፣ የፈንገሱን ግድግዳ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያወጣሉ። አራተኛው ለነርስ ክትባትን ያስታውሳል፤ ባክቴሪያው ሥሩን ሲነካው ተክሉ ራሱ ይነቃና መከላከያውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ በኋላ በሽታው በቅጠል በኩል ቢመጣ እንኳ ሳይዘጋጅ አያገኘውም።

ከካናዳ ስንዴ እስከ ሕፃናት ጠብታ

የዚህ እውቀት መነሻ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በ1926 ሳንፎርድ የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ፣ አረንጓዴ ሰብል ገልብጦ አፈር ውስጥ ማረስ የድንችን የቆዳ እከክ የሚቀንሰው በአፈሩ ውስጥ ያሉ ሌሎች ተዋህስያን በሽታ አምጪውን ስለሚጫኑት ሊሆን ይችላል አለ። በ1931 ከባልደረባው ከብሮድፉት ጋር ሆኖ፣ ከአፈር የተለዩ ተዋህስያን የስንዴን ሥር የሚያጠቃውን ፈንገስ መግታት እንደሚችሉ በሙከራ አሳየ። በጊዜው ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ዓለምን ያነቃው ዜና የመጣው በሕክምና በኩል ነው። በአሜሪካ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሴልማን ዋክስማን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አልበርት ሻትዝ የተባለ ወጣት ተማሪ በ1943 ስትሬፕቶማይሴስ ከሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። የሳንባ ነቀርሳን የፈወሰ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እርሱ ነው። ዋክስማን በ1952 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስትሬፕቶማይሴስን ሁላችሁም በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ዝናብ በታረሰ መሬት ላይ ሲወርድ የሚነሣው የአፈር ሽታ በአብዛኛው የእነዚህ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ሽታውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር በ1965 ጂኦስሚን የሚል ስም ወጥቶለታል።

ለእኔ ሙያ እጅግ የቀረበው ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ግኝት ነው። አንቲባዮቲክ በሰፊው ሲሰጥ በሰው አካል ያሉት ባክቴሪያዎች ስለሚጠፉ ፈንገሱ ቦታ አግኝቶ ይነሣ ጀመር። ፈንገስን ሳይጎዳን የሚገድል መድኃኒት ግን አልነበረም። ሁለት ሴቶች ሥራውን ተካፈሉት። ኤልሳቤጥ ሄዘን በኒውዮርክ ከተማ የተዋህስያን ባለሙያ፣ ሬቸል ብራውን በኦልባኒ ከተማ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበሩ፤ ሁለቱም የሚሠሩት ለኒውዮርክ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ነው። ሄዘን አፈር ታሰባስብና ባክቴሪያዎቹን ለይታ ፈንገስ ላይ ትሞክራለች፤ ተስፋ የሚሰጠውን በብልቃጥ አድርጋ በፖስታ ለብራውን ትልካለች፤ ብራውን ንጥረ ነገሩን አጣርታ መልሳ ትልክላታለች። በመጨረሻ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ የወተት ላም እርባታ የመጣ አፈር የሚፈልጉትን ሰጣቸው። ግኝታቸውን በ1950 ይፋ አደረጉ፤ መድኃኒቱንም በግዛቷ ስም ኒስታቲን አሉት። ከሽያጩ ያገኙትን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለራሳቸው ሳያስቀሩ ለሳይንስ ምርምር ሰጡ።

ዛሬ እናቶች ምላሱ ላይ እንደ ወተት ነጭ ሽፋን የያዘው ሕፃን ይዘው ሲመጡ የምንሰጠው ጠብታ ይኸው ኒስታቲን ነው። ጡት አልጠባም ብሎ ሲያለቅስ የነበረ ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጠባ አያለሁ። ከላም በረት አጠገብ ያለ አፈር ውስጥ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ጎረቤቱን ፈንገስ ለማራቅ የሠራው መሣሪያ ነው። ኒስታቲን ከሰው ውጭም አገልግሏል፤ በበሽታ የሚሞቱ የኤልም ዛፎችን ለማከም ተሞክሯል፤ በ1966 ፍሎሬንስ ከተማ በጎርፍ ከተጥለቀለቀች በኋላ ሻጋታ የወረራቸውን ሥዕሎች ለማዳንም ውሏል።

ብዙም ሳይቆይ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ከቬኔዙዌላ የኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ከመጣ አፈር አምፎቴሪሲን ቢ ተገኘ። ይህም የስትሬፕቶማይሴስ ልጅ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ሰዎች አንጎል ሽፋን የሚያጠቃውን ፈንገስ እናክምበታለን። በእኛ አገር ደግሞ ቆላ ወርደው በመተማና በሑመራ የቀን ሥራ ሲሠሩ ካላዛር የያዛቸው ወጣቶች ይህንኑ መድኃኒት ይወስዳሉ።

ራሱን የፈወሰ የስንዴ ማሳ

ሐኪም ቤቱ ባክቴሪያው የሠራውን መርዝ አጣርቶ ወሰደ። በእርሻ በኩል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ባክቴሪያውን ከነሕይወቱ ማሳው ላይ ብናሠራውስ?

ለዚህ ትልቁን ትምህርት የሰጠው ስንዴ ነው። የስንዴን ሥር አጥቁሮ የሚገድል አንድ ፈንገስ አለ። ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ በሽታው በየዓመቱ እየከፋ ይሄዳል። ገበሬው ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ስንዴ መዝራቱን ለተከታታይ ዓመታት ከቀጠለ፣ በአንዳንድ ማሳዎች በሽታው በራሱ እየቀነሰ ይመጣል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጄምስ ኩክና ባልደረቦቹ ይህን መረመሩ። ከዳነው ማሳ ጥቂት አፈር ወስደው ከታመመ አፈር ጋር ሲቀላቅሉት በሽታው ቀነሰ። ያንኑ አፈር በሙቀት ሲያክሙት ግን ኃይሉ ጠፋ። ስለዚህ ጠባቂው ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ኩክና አውስትራሊያዊው ሮቪራ በ1976 ባሳተሙት ሥራ ሱዶሞናስ የተባሉትን የሥር ባክቴሪያዎች ጠቆሙ። በኋላ ራይማከርስና ዌለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ቁጥሩን ሳይቀር ሰጡ፤ ፈንገሱን የሚመርዘውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሱዶሞናሶች በአንድ ግራም ሥር ላይ ከ100,000 በላይ ሲሆኑ በሽታው ይገታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። ጠባቂው ብዛት ይፈልጋል፤ ብዛቱም ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ቀን ተረጭቶ በማግሥቱ ውጤት የሚያሳይ ነገር አይደለም።

ከላቦራቶሪ ወደ ገበያ

ባክቴሪያን በከረጢት አሽጎ ለገበሬ መሸጥ ቀላል አልነበረም። ሕያው ነገር ስለሆነ በመጋዘን ሙቀት ይሞታል፤ በአንዱ አፈር ሲሠራ በሌላው እምቢ ይላል። ይህን በከፊል የፈታው ባሲለስ የሚባለው ዘር ነው። ባሲለስ ክፉ ቀን ሲመጣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ስፖር ሆኖ ይተኛል፤ ደርቆም ዓመታት ይቆያል፤ እርጥበትና ምግብ ሲያገኝ ይነቃል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አውስትራሊያ ላይ የተገኘ ባሲለስ ከኦቾሎኒ ዘር ጋር እየታሸ ገበያ ላይ ዋለ። ፊንላንዶች ችግኝ ለማፍላት የሚጠቀሙበት የረግረግ አፈር ችግኝ ከመበስበስ እንደሚጠብቅ ካስተዋሉ በኋላ ከውስጡ ስትሬፕቶማይሴስ ለይተው ማይኮስቶፕ የተባለውን ምርት ሠሩ። በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ የኮክ እርሻ አፈር የተለየው ባሲለስ ሰብቲሊስ ደግሞ ሴሬናድ በሚል ስም ዛሬ በብዙ አገር ይረጫል።

ለክሊፕታውን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ያለው ፕሪቶሪያ ነው። ደቡብ አፍሪካ በሊምፖፖና በምፑማላንጋ ብዙ አቮካዶ ታመርታለች፤ ፍሬው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣ ፈንገስ ግን ገበያውን ያበላሻል። በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሊዘ ኮርስተንና ባልደረቦቿ ከአቮካዶው ከራሱ ቅጠል ላይ ባሲለስ ሰብቲሊስ ለዩ። ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ለብቻው እየረጩ፣ ከመዳብና ከሌላ ፀረ ፈንገስ ጋርም እያፈራረቁ ሞከሩት፤ ውጤቱን በ1997 አሳተሙ። ይህ ባክቴሪያ አቮግሪን በሚል ስም ተመዝግቦ ለገበሬ ቀርቧል። እዚህ አገር የተባይ መድኃኒት ሁሉ፣ ሕያው ባክቴሪያም ቢሆን፣ በ1947 በወጣው 36ኛ ቁጥር ሕግ መሠረት ሳይመዘገብ አይሸጥም። እኛም አገር በ2010 የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 አለ። አንድ ጠርሙስ ላይ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ መጻፉ ከምዝገባ ነጻ አያደርገውም።

የእኛ አገር ተመራማሪዎች ምን ሠሩ?

በኢትዮጵያ ነገሩ ተደጋግሞ የተጠናው በቡና ላይ ነው። ቡናን ከነቁመናው የሚያደርቀው ፈንገስ በ1920ዎቹ መጨረሻ በመካከለኛው አፍሪካ ታውቆ፣ በእኛ አገር በ1957 ከከፋ ተዘገበ። ፈንገሱ በግንዱ ውስጥ የውኃ መተላለፊያውን ስለሚዘጋ አንዴ የተያዘ ዛፍ ተነቅሎ ከመቃጠል በቀር ፈውስ የለውም። ዶክተር ድሪባ ሙለታ ከፕሮፌሰር ፋሲል አሰፋና ከስዊድን ባልደረባቸው ጋር በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ካሉ የቡና ሥሮች ባክቴሪያዎችን ለይተው፣ ከነዚህ መካከል ሱዶሞናስና ባሲለስ የሆኑት ይህንኑ ፈንገስ በላቦራቶሪ እንደሚገቱት በ2007 አሳተሙ። በ2013 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚሁ መስመር ሥራውን ቀጠሉ። ጠባቂዎቹ የተገኙት ሰው ሳያርሰው ለዘመናት ቅጠል ሲረግፍበት በኖረ የጫካ አፈር ውስጥ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ወደ ባቄላችን ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። ሦስት በሽታዎችን ለይተን እንወቅ። አንደኛው ቅጠሉ ላይ እንደ ቸኮሌት ያለ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ውኃ በተኛበት ዋልካ አፈር ላይ የሚከፋው ጥቁር የሥር መበስበስ ነው። ሦስተኛው ከ2010 ወዲህ በሰሜን ሸዋና በወሎ የታየው፣ ቅጠሉን እያሳበጠና እያጨማደደ የሚገድለው ቆርምድ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከባቄላ ሥር የተለዩ ሱዶሞናሶች የመጀመሪያውን በሽታ አምጪ ፈንገስ በላቦራቶሪ ሲገቱ፣ የባቄላውንም እድገት ሲያግዙ ታይቷል። በሥር መበስበስ ላይ ደግሞ ትራይኮደርማ የተባለው ጠቃሚ ፈንገስ ከአገራችን አፈር ተለይቶ ተሞክሯል። ቆርምድ ከእነዚህ ይለያል፤ ለእርሱ ባለሙያዎች ሲመክሩ የቆዩት ንጹሕ ዘር፣ ሰብል ማፈራረቅና ባይላተንን የመሰለ ፀረ ፈንገስ ነው።

ርጭቱን ሐኪም ቤቱ ለምን ይፈራዋል?

እዚህ ላይ ነርስነቴ ዝም አያሰኘኝም። ባይላተንም፣ ለዋግ የሚረጨው ቲልትም፣ አዞል ከሚባል የኬሚካል ቤተሰብ ናቸው። በሐኪም ቤት በብዛት የምንሰጠው ፍሉኮናዞልም የዚያው ቤተሰብ አባል ነው። በኔዘርላንድስ በእርሻ ላይ በስፋት በዋለ አዞል ምክንያት፣ ሳንባን የሚያጠቃው አስፐርጊለስ የተባለ ፈንገስ የሐኪም ቤቱን አዞል ጭምር መቋቋም ጀምሯል። አዞል ወስዶ የማያውቅ ሕመምተኛ፣ መድኃኒቱን የለመደ ፈንገስ ከአየር ይተነፍሳል። በእኛ በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ደግሞ ካንዲዳ ኦሪስ የተባለው፣ ፍሉኮናዞልን በአብዛኛው የማይፈራ ፈንገስ፣ ከ2012 ጀምሮ በሐኪም ቤቶች ብዙ ሰው ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2022 አጣዳፊ ያላቸውን ፈንገሶች ዝርዝር ሲያወጣ ሁለቱንም በመጀመሪያው ረድፍ አስቀምጧቸዋል።

ለፈንገስ ያሉን የመድኃኒት ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ በየማሳው ያለ ልክ የሚረጨው ውሎ አድሮ አልጋው ላይ ያለውን ሕመምተኛ ያገኘዋል። ርጭት ፈጽሞ ይቅር አልልም፤ ቆርምድ ማሳ ሲወርር ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይቻልም። ልክ፣ ጊዜና ምክንያት ይኑረው ነው የምለው። የረጪውም ጤና ይታሰብ፦ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ነፋስ ከኋላ ሆኖ ይረጭ፤ ባዶው ጠርሙስ የውኃም የዘይትም መያዣ አይሁን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን የሠሩት

በ1986 የዋልካ አፈር ፕሮጀክት ሲጀመር ተመራማሪዎች እነዋሪ መጥተው ያዩት ነገር በጽሑፎቻቸው ተደጋግሞ ይጠቀሳል። የእነዋሪ ገበሬ ካረሰ በኋላ ቤተሰቡ፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ፣ አፈሩን በእጅ እያፈሰ ሰፊ መደብና ቦይ ያበጃል፤ የክረምቱ ውኃ በቦዩ ይወርዳል፣ ሰብሉ መደቡ ላይ ይቆማል። ፕሮጀክቱ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ። የእጁ ሥራ ወገብ የሚቆርጥ እንደሆነ የሠራነው እናውቀዋለን። ዛሬ በሳይንሱ ዓይን ስናየው ግን ጥበቡ ይገባናል። ውኃ የተኛበት ሥር አየር ያጣል፣ ይደክማል፣ ለሥር መበስበስም ይመቻል። ውኃው ሲወርድ ሥሩ ይተነፍሳል፤ ጥሩ ምግብ ያፈሳል፤ ጠባቂዎቹም ይሰበሰባሉ።

ፍግም እንደዚሁ ነው። የጅሩ ሰንጋ ስሙ አገር ያወቀው ነው፤ እበቱ ግን ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። ወደ ማሳ የሚመለሰው ብስባሽ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። ስንዴና ባቄላ፣ ምስርና ጤፍ እየተፈራረቁ መዘራታቸውም በሽታ አምጪው የለመደውን ሥር እንዲያጣ ያደርጋል። ከዚህ በተቃራኒ ከእኛ ከፍ ባሉት የሸዋ ደጋዎች ጋይ የሚባል፣ አፈሩን ከምሮ የማቃጠል ልማድ ነበር። ለአንድ ሁለት ዓመት ገብስ ያሳምራል፤ ነገር ግን የአፈሩን ብስባሽ ስለሚበላ መሬቱ ለረጅም ዓመታት ማረፍ ይኖርበታል። የዋሽንግተኖቹ ተመራማሪዎች አፈሩን ሲያሞቁት ጠባቂው መጥፋቱን አስታውሱ።

ለጉባኤው የማቀርበው

ስለዚህ ሐሳቤ የሚከተለው ነው። ከምናዋጣው ገንዘብ ከፊሉ ለቆርምድ ርጭት ይሁን፤ ግዢውም ርጭቱም በወረዳው የግብርና ባለሙያ ምክር፣ ከመከላከያ ልብስና ጓንት ጋር ይሁን። ሌላው ከፊል ግን ለአፈሩ ይዋል። መደብ ማውጫ መሣሪያ በቡድን የሚጠቀሙበት ገበሬዎች እንዲያገኙ፣ የብስባሽ ጉድጓድ የሚያዘጋጁ ቤተሰቦችም እንዲደገፉ ማድረግ እንችላለን። ከዚህም ጋር ለደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ደብዳቤ ጽፈን፣ ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ገበሬዎች ማሳ ላይ ከአገራችን አፈር የተለዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በባቄላ ላይ እንዲሞከሩ እንጠይቅ። ሙከራው ሲደረግ ግማሹ ማሳ በባክቴሪያው የታሸ ዘር፣ ግማሹ ያልታሸ ይዘራበት፤ ምርቱ ተለይቶ ይመዘን፤ ውጤቱ መልካምም ይሁን መጥፎ በዚሁ መጽሔት ይታተም። ከአንድ በላይ ክረምት መቆየት አለበት፤ የአንድ ዓመት ምርት ዝናቡን ይሁን ባክቴሪያውን እንደሚመሰክር አይታወቅምና።

በየአገሩ ያላችሁ የሙያ ልጆቻችን፣ በተለይ በእርሻ፣ በተዋህስያንና በላቦራቶሪ ሥራ ያላችሁ፣ ስማችሁን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ሄዘንና ብራውን በተለያየ ከተማ ተቀምጠው በፖስታ ብልቃጥ እየተላላኩ ነው ያን ሁሉ የሠሩት። እኛ ከዚያ የተሻለ መገናኛ አለን።

ለአባቶችና ለእናቶች ጤና፣ ለማሳው በረከት እመኛለሁ። በጉባኤው ላይ በስልክም ቢሆን ተገኝቼ ጥያቄያችሁን ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።

እኅታችሁ፣ ከክሊፕታውን፣ ጆሃንስበርግ